ድርሻዎን ይያዙ፣ ነገ እስኪጠራ አይጠብቁ

ባለፉት ጥቂት ዓመታት የኢትዮጵያ ደሞዝተኛ የለመደው ነገር ሁሉ አንድ በአንድ ሲቀየር አይቷል። ግንቦት 2013 ቴሌብር ሥራ ሲጀምር በባንክ መስኮት ፊት ይሰለፍ የነበረው ደንበኛ ገንዘቡን በእጅ ስልኩ ማንቀሳቀስ ጀመረ። መስከረም 2015 ሳፋሪኮም አገልግሎቱን በይፋ ሲጀምር በቴሌኮም ዘርፍ ሁለተኛ ተወዳዳሪ፣ ለባለሙያውም ሁለተኛ ቀጣሪ መጣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደረገና 57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ታኅሣሥ 2017 ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅደውን የባንክ ሥራ አዋጅ አጸደቀ።

እነዚህ ውሳኔዎች ሲወሰኑ ደሞዝተኛውን ያማከረው የለም። ውጤታቸው ግን ከቤት ኪራዩና ከልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ እስከ ሥራ ዋስትናው ድረስ ደርሶታል። የየመሥሪያ ቤቱ የሻይ ሰዓት ወሬም ከዚያ አይርቅም። “አዲሱ መዋቅር ሲመጣ ስንቶቻችን እንተርፋለን?” “ቅርንጫፋችን ከሌላው ጋር ሊጠቃለል ነው አሉ።” “የውጭ ባንክ ሲገባ ይሻለናል ወይስ ይብስብናል?” ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። መልሳቸውን ግን ዛሬ በእርግጠኝነት የሚያውቅ የለም፤ ሥራ አስኪያጁም ቢሆን።

እንዲህ ባለ ጊዜ ብዙ ሰው ከሁለት ነገሮች በአንዱ ይጠለላል። አንዱ ወቀሳ ነው፦ መንግሥት፣ የኑሮ ውድነት፣ አለቃ፣ ዘመድ የሌለው ሰው ዕድል። ሌላው “እስቲ መጀመሪያ ነገሩ ይጥራ” እያሉ መቀመጥ ነው። ሁለቱ የተለያዩ ቢመስሉም አንዱ ሌላውን ይወልዳል። ለደረሰብኝ ሁሉ ተጠያቂው ሌላ ሰው ነው ብሎ ያመነ ሠራተኛ መፍትሔውንም የሚጠብቀው ከዚያው ሰው ነው። ስለዚህ ይቀመጣል። በተቀመጠ ቁጥር የሚያስፈራው ነገር ይበዛል፤ ፍርሃቱ ሲበዛ ደግሞ ወቀሳው ይጨምራል።

ከዚህ አዙሪት የሚያወጣው መንገድ አንድ ነው ብዬ አምናለሁ። ድርሻውን ለይቶ የያዘ ሰው ነገ ምን እንደሚመጣ ባያውቅም፣ ሲመጣ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። ኃላፊነት መውሰድና ያልታወቀን ነገር መድፈር ሁለት የተለያዩ ምክሮች ተደርገው ሲነገሩ እንሰማለን። በሥራ ዓለም ግን ሁለተኛው ያለ መጀመሪያው አይቆምም። ከዚህ በታች ያሉት ምክሮች ሁሉ ከዚህ ሐሳብ የሚነሡ ናቸው።

ድርሻን መለየት

“ኃላፊነት ውሰድ” ሲባል ብዙ ሰው የሚሰማው “ጥፋተኛው አንተ ነህ” የሚል ክስ ነው። ሰውን ከኃላፊነት የሚያሸሸውም ይኸው አረዳድ ነው። በደል የደረሰበት ሰው ጥፋተኛ ነህ ሲባል መቆጣቱ ትክክል ነው። ኃላፊነት ግን የጥፋተኝነት ፍርድ አይደለም። ከተፈጠረው ነገር ውስጥ የትኛው ቁራሽ በእኔ እጅ እንደሆነ ለይቶ ማወቅና ያንን ቁራሽ አጥብቆ መያዝ ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በመሥሪያ ቤትዎ የውስጥ የደረጃ እድገት ማስታወቂያ ወጣ እንበል። ተወዳደሩ፤ አላለፉም። የመጀመሪያው ስሜት “ሰው አስቀድመው አዘጋጅተው ነው” የሚል ይሆናል። ሊሆንም ይችላል። አሁን አንድ ወረቀት ወስደው ለሦስት ይክፈሉት።

በመጀመሪያው ዓምድ የመሥሪያ ቤቱን ድርሻ ይጻፉ። የመመዘኛ ነጥቡ አስቀድሞ አልተገለጸም፤ ቃለ መጠይቁ በችኮላ ተደረገ። በሁለተኛው የቅርብ ኃላፊዎን ድርሻ ይጻፉ። የስድስት ወሩን የሥራ አፈጻጸም ውጤት ሳያነጋግርዎ ሞላ። በሦስተኛው የራስዎን ይጻፉ። የጨረሱት ትምህርት ማስረጃ ከግል ማኅደርዎ ጋር አልተያያዘም፤ የአፈጻጸም ውጤትዎን ሳያነቡ ፈርመዋል፤ ለፈተናው የተዘጋጁት በመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት ነው፤ ውጤቱ ሲለጠፍ ነጥብዎ በዝርዝር እንዲገለጽልዎ አልጠየቁም።

ሦስተኛው ዓምድ ከሁሉም አጭር ሊሆን ይችላል። ሆኖም ነገ ጠዋት ሌላ ሰው ሳያስፈቅዱ መለወጥ የሚችሉት እሱን ብቻ ነው። ማስረጃውን በነጋታው ማያያዝ ይቻላል። የሚቀጥለውን የአፈጻጸም ቅጽ ከመፈረም በፊት “እዚህ ጋ ዝቅተኛ ነጥብ ያገኘሁበትን ምክንያት ቢያስረዱኝ” ማለት ይቻላል። ሁለቱን ዓምዶች መቀየር ባይቻል እንኳ ሦስተኛው የተስተካከለለት ሰው በሚቀጥለው ውድድር ሌላ ተወዳዳሪ ሆኖ ይቀርባል። አድሎ ቢኖርም አድሎውን በማስረጃ ለማሳየት የሚችለው የራሱን ወገን ያሟላ ሰው ነው።

ይህንን ልምምድ ጥቂት ጊዜ ከደጋገሙት በኋላ ሦስተኛውን ዓምድ ልብ ብለው ይመልከቱ። ሁልጊዜ ባዶ ከሆነ እየራቁ ያሉት ከራስዎ ነው ማለት ነው። በተከታታይ አምስት ችግር ደርሶበት በአንዱም ውስጥ ድርሻ የሌለው ሰው የለም። ሁልጊዜ የሚሞላው ሦስተኛው ብቻ ከሆነም ሌላ አደጋ አለ። በተለይ ከልጅነታቸው ጀምሮ የቤተሰብ ሸክም የወደቀባቸው፣ ታናናሾቻቸውን አሳድገው ወላጆቻቸውን የሚጦሩ ሰዎች የሌላውንም ጥፋት የራሳቸው አድርገው መሸከም ይቀናቸዋል። መሥሪያ ቤትም እንዲህ ያለውን ሰው ቶሎ ያውቀዋል፤ የሁሉ ሥራ እሱ ጠረጴዛ ላይ ይከማቻል። ለእንዲህ ያለው ሠራተኛ ኃላፊነት ማለት “ይህ የእኔ ሥራ አይደለም” ብሎ በጨዋ ደንብ መመለስ ነው።

መብትን መጠየቅም ድርሻ ነው

በኃላፊነት ስም የሚሰጥ ምክር ብዙ ጊዜ “አትማረር፣ ሥራህን ሥራ” የሚል ዝምታ ይሰብካል። ይህ ለሠራተኛው የሚበጅ አይደለም። የደረሰብዎት ነገር ከሕግ ውጭ ከሆነ በሦስተኛው ዓምድ የሚገባው ተግባር መጠየቅ ነው። መጠየቅ ደግሞ ጊዜ አለው።

የግል ድርጅት ሠራተኛ የሚተዳደረው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት ከሥራ የተሰናበተ ሠራተኛ ወደ ሥራ ልመለስ ብሎ የሚያቀርበው ጥያቄ የሥራ ውሉ ከተቋረጠ በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። የደሞዝ፣ የትርፍ ሰዓትና የሌሎች ክፍያዎች ጥያቄ ደግሞ በስድስት ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። በበደል የተናደደ ሰው ሦስት ወሩን ለጓደኞቹ በመንገር ሊጨርሰው ይችላል። በአራተኛው ወር እውነቱ ከእሱ ጋር ቢሆንም ሕጉ ወደ ሥራ የመመለሻውን በር ዘግቶበታል።

ስለዚህ ቅሬታዎን በጽሑፍ ያድርጉት። ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ አዘጋጅተው በመዝገብ ቤት ገቢ ያስደርጉ፤ ገቢ የሆነበት ቁጥርና ቀን በእርስዎ ቅጂ ላይ እንዲሰፍር ያድርጉ። የሠራተኛ ማኅበር ካለ ያማክሩ። ጉዳዩ ከባድ ከሆነ ለሕግ ባለሙያ ለማሳየት የመጨረሻውን ሳምንት አይጠብቁ።

ሌሎች ሠራተኛው የሚዘነጋቸው ነገሮችም አሉ። አሠሪ ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ ሁሉ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደሞዙን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ የመስጠት ግዴታ አለበት። ይህን ለማግኘት መልቀቅ አያስፈልግም። ለጡረታ ከደሞዝዎ 7 በመቶ ይቆረጣል፤ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል። ገንዘቡ በስምዎ ገቢ እየሆነ መሆኑን ማጣራት የእርስዎ ፈንታ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች የሚተዳደሩት በተለየ አዋጅ ስለሆነ የራሳቸውን ሕግና መመሪያ ማንበብ ይኖርባቸዋል።

ስህተት ሲፈጠር እንዴት ይነገር

ድርሻን የመያዝ ከባዱ ፈተና የሚመጣው ስህተቱ በእውነት የራሳችን ሲሆን ነው። ለዋና መሥሪያ ቤት የተላከ ወርኃዊ ሪፖርት ላይ ቁጥር ተሳስተዋል እንበል። አንድ ሠራተኛ እንዲህ ብሎ ይጽፋል፦ “በሲስተም መቆራረጥና በሥራ መደራረብ ምክንያት በሪፖርቱ ላይ መጠነኛ መዛባት ተፈጥሯል።” ሌላው እንዲህ ይላል፦ “በመጋቢት ሪፖርት የተሰብሳቢ ሂሳቡን ሁለት ጊዜ ደምሬዋለሁ። ዛሬ ጠዋት ሳመሳክር አገኘሁት። የተስተካከለውን አያይዣለሁ። ከዚህ በኋላ ከመላኬ በፊት ከሂሳብ መዝገቡ ጋር አመሳክራለሁ።”

ሁለተኛው አራት ነገሮችን ብቻ ተናግሯል፦ ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደታወቀ፣ ምን እንደተስተካከለ፣ ከእንግዲህ ምን እንደሚቀየር። ረጅም ይቅርታ የለውም፤ ሰበብም የለውም። ይህን ያነበበ ኃላፊ ቢቆጣም እንኳ ቀጣዩን ሪፖርት ሲቀበል ይህንን ሠራተኛ ያምነዋል። የመጀመሪያውን ያነበበ ግን ስህተቱ የት እንደሆነ እንኳ አላወቀም።

እዚህ ላይ አንድ እውነት መሸሸግ አይገባም። በአንዳንድ መሥሪያ ቤት ስህተቱን የተናገረ ሰው በግምገማ ላይ ይመታበታል፤ የደበቀው ያልፋል። ያም ሆኖ መናገር የሚመረጥበት ጠንካራ ምክንያት አለ። ዛሬ በራስ አንደበት የተነገረ ስህተት ስህተት ሆኖ ይቀራል፤ ነገ በኦዲት የተገኘ ግን ማጭበርበር ሊባል ይችላል። በተለይ ገንዘብና ንብረት በእጃቸው ለሆነ ሠራተኞች ይህ ልዩነት ከማስጠንቀቂያ እስከ ክስ የሚያደርስ ነው። በዚያው መጠን ደግሞ ያልሠሩትን አይፈርሙ። ሳይቆጥሩ የተረከቡትን ንብረት፣ ያላዩትን ሰነድ፣ “ለፎርማሊቲ ነው” ተብሎ የቀረበልዎትን ወረቀት የፈረሙ ዕለት የሌላ ሰው ድርሻ የእርስዎ ሆኗል።

እስኪጠራ መጠበቅ ራሱ ውሳኔ ነው

ድርሻን ለይቶ የያዘ ሰው ቀጥሎ የሚገጥመው ጥያቄ ያልታወቀው ነገ ነው። “ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል” የሚለው አባባል በሥራ ዓለም ብዙ ሰው አስሯል። አባባሉ ጥበብ አለው፤ ድህነት ባለበት ሀገር ሙከራ ውድ ነው። ነገር ግን የሚያውቁት ነገር ራሱ እየተለወጠ ባለበት ጊዜ ባሉበት መቆየትም ወደማያውቁት መሄድ ነው። የአሥር ዓመት ልምዱ ቼክና ደብተር በእጅ ማስተናገድ የሆነ የባንክ ሠራተኛ ከመስኮቱ ባይነቃነቅም ሥራው ከሥሩ እየተነቃነቀ ነው።

ያልታወቀ ነገር ሲመጣ ምን ማድረግ እንደሚቻል ለማየት ከቅርብ ጊዜ ታሪካችን አንድ ምሳሌ ልጥቀስ። በ1938 የተመሠረተው የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 2012 እጅግ ከባድ ወር ገጠመው። በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት አገሮች ድንበራቸውን ዘጉ፤ አየር መንገዱ 80 ወደሚሆኑ መዳረሻዎች የሚያደርገውን የመንገደኞች በረራ አቋረጠ። ወረርሽኙ መቼ እንደሚያበቃ በዓለም ላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ብዙ አየር መንገዶች አውሮፕላኖቻቸውን አቁመው የመንግሥት ድጎማ ጠየቁ፤ ሠራተኞቻቸውንም በሺዎች አሰናበቱ።

በወቅቱ ዋና ሥራ አስፈጻሚ በነበሩት በአቶ ተወልደ ገብረማርያም የሚመራው የአየር መንገዱ አመራር ፊቱን ወደ ጭነት አዞረ። መንገደኛ ባይኖርም ዓለም የፊት ጭንብል፣ መድኃኒትና የሕክምና መሣሪያ በአስቸኳይ ይፈልግ ነበር። በራሱ የጥገና ክፍል ባለሙያዎች 25 ከሚሆኑ የመንገደኛ አውሮፕላኖች ላይ ወንበር እያስነቀለ ለጭነት አዋላቸው። ከቻይናው ባለሀብት ጃክ ማ ለአፍሪካ አገሮች የተለገሰው የሕክምና ቁሳቁስ አዲስ አበባ ገብቶ በዚሁ አየር መንገድ ተከፋፈለ። ሚያዝያ ላይ ደግሞ የዓለም የምግብ ፕሮግራም ቦሌን የሰብዓዊ እርዳታ ማመላለሻ ማዕከል አደረገው። አየር መንገዱ እንዳስታወቀው ያን ጊዜ ያለፈው የመንግሥት የገንዘብ ድጎማ ሳይጠይቅና ቋሚ ሠራተኞቹን ሳይቀንስ ነው።

ከዚህ ታሪክ ለአንድ ሠራተኛ የሚጠቅሙ ሦስት ነገሮች ይወጣሉ። አንደኛ፣ የተነሣው ጥያቄ “ይህ መቼ ያበቃል?” የሚል አልነበረም። የማይመለስ ጥያቄ ላይ አልተቀመጡም። “አሁን በእጃችን ምን አለ? አሁን የሚፈለገውስ ምንድን ነው?” ብለው ጠየቁ። ሁለተኛ፣ እርምጃው የሚመለስ ነበር። ወንበር ይነቀላል፤ መንገደኛ ሲመለስ ተመልሶ ይገጠማል። አውሮፕላኑን አልሸጡትም። ሦስተኛውና ዋናው፣ በዚያ ወር የተቻለው ነገር ከዚያ ወር በፊት በተሠራ ሥራ የተቻለ ነው። የራስ የጥገና ማዕከል፣ የጭነት አውሮፕላኖች፣ በ2009 የተመረቀው ሁለተኛው የካርጎ ተርሚናል ወረርሽኝ ይመጣል ተብሎ የተሠሩ አልነበሩም። ግን ስለነበሩ አገለገሉ። ሰውም እንዲሁ ነው። የመዋቅር ለውጥ በተነገረ ማግስት ሙያ መማር አይቻልም።

በትንሹ መሞከር

“የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች” ይባላል። ያልታወቀን ነገር መድፈር ማለት የያዙትን ጥሎ መዝለል ማለት አይደለም። የያዙትን ይዘው፣ አዲሱን ነገር በትንሹ ቀምሶ ማየት ይቻላል። አንድ ሙከራ ጥሩ የሚሆነው ሦስት ነገር ሲያሟላ ነው፤ ባይሳካ የሚያጡት ነገር አስቀድሞ ይታወቃል፣ ባይሳካ ወደነበሩበት መመለስ ይቻላል፣ የሚወሰንበት ቀንም አስቀድሞ ይቆረጣል።

የሂሳብ ሠራተኛ ሆነው ወደ መረጃ ትንተና ሥራ መግባት ይፈልጋሉ እንበል። ሥራ ለቀው ሁለተኛ ዲግሪ መመዝገብ ትልቅና በቀላሉ የማይመለስ እርምጃ ነው። ከዚያ በፊት ሐምሌ 2016 በተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም በኢንተርኔት ከሚሰጡት ነጻ ኮርሶች አንዱን ወስደው ይጨርሱ። የሚያወጡት የምሽት ሰዓትና የኢንተርኔት ወጪ ነው። ኮርሱን ሲጨርሱ የተማሩትን በራስዎ ክፍል አንድ ሥራ ላይ ይሞክሩት፤ በየወሩ በእጅ የሚደመረውን አንድ ሰንጠረዥ ያሻሽሉ። ወደዱት? ወደሚቀጥለው ይሂዱ። አልወደዱትም? ያወቁት ነገር አለ፤ ያጡት ግን ጥቂት ነው።

የራሳቸውን ንግድ ለመጀመር የሚያስቡም እንዲሁ። ሱቅ ከመከራየት በፊት ለጥቂት ደንበኞች ቅዳሜና እሑድ ይሥሩ። የዓመት ፈቃድም ለዚህ ይጠቅማል፤ በአዋጁ መሠረት የመጀመሪያው ዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ሲሆን በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። ነገር ግን የሥራ ውልዎ ከአሠሪው ሥራ ጋር የሚጋጭ የግል ሥራ የሚከለክል አንቀጽ እንዳለውና እንደሌለው መጀመሪያ አንብበው ያረጋግጡ። ተደብቆ የተጀመረ ሥራ በራሱ ሌላ ስጋት ነው።

ወደ አዲስ መሥሪያ ቤት ለመዛወር የሚያስቡ ደግሞ የሙከራ ጊዜን ትርጉም ይወቁ። በአዋጁ የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት መብለጥ የለበትም። አብዛኛው ሰው በዚያ ጊዜ እየተፈተነ ያለው እሱ ብቻ ይመስለዋል። እርስዎም መሥሪያ ቤቱን እየፈተኑት ነው። የተነገረዎት ሥራና የሚሠሩት ሥራ አንድ ነው? ደሞዝ በጊዜው ይከፈላል? ነባር ሠራተኞች የሚለቁት ለምንድን ነው? ከመቀበልዎ በፊትም ሆነ በኋላ እነዚህን መጠየቅ ነውር የለውም። ከነባሩ ቦታ ሲለቁም የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥተው፣ ሥራዎን በወጉ አስረክበው፣ ክሊራንስዎን ጨርሰው ይውጡ። የከተማው የሙያ ዓለም ጠባብ ነው፤ ተጣልተው የለቀቁበት ክፍል ባልደረባ ነገ የሌላ ድርጅት ጠያቂ ሆኖ ሊቀመጥ ይችላል።

መደላድል ማዘጋጀት

ድፍረት ከባሕርይ ብቻ አይመጣም። የሦስት ወር ወጪ በእጁ ያለ ሰው “አይሆንም” ማለት ይችላል፤ የደሞዝ ቀን የሚቆጥር ሰው ግን ምንም ቢጠየቅ ይፈርማል። ስለዚህ ያልታወቀውን ለመቀበል የሚፈልግ ሠራተኛ ገንዘቡን ከሙያው ለይቶ ሊያየው አይገባም።

እቁብ ካለዎት ዕጣው ሲወጣ ለምን እንደሚውል አሁኑኑ ይወስኑ፤ ቢያንስ የአንዱን ዙር ለመጠባበቂያ ያድርጉት። ያለብዎትን እዳ በሙሉ በአንድ ገጽ ይዘርዝሩ። በባንክ የሚሠሩ ከሆነና በሠራተኛ የቅናሽ ወለድ የቤት ብድር ወስደው ከሆነ፣ ሲለቁ ወለዱ ወደ ገበያው ተመን ሊቀየር ስለሚችል ውሉ ምን እንደሚል ደብዳቤ ከማስገባትዎ በፊት ያንብቡ። አሠሪው አስተምሮዎት ከሆነ የማገልገል ግዴታው መቼ እንደሚያበቃ ያረጋግጡ። ይህ ግዴታ የሌለበትና አምስት ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ በራሱ ፈቃድ ሲለቅም የሥራ ስንብት ክፍያ የሚያገኝበት ድንጋጌ በአዋጁ ውስጥ አለ። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ ይለቃል።

ስለ ዋስትናም አንድ ቃል። ለዘመድ ወይም ለጎረቤት ልጅ የሥራ ዋስ መሆን በባህላችን እምቢ ለማለት የሚከብድ ነገር ነው። ከመፈረምዎ በፊት የዋስትናው መጠን እስከ ስንት ብር እንደሆነና መቼ እንደሚያበቃ ይጠይቁ። ገደብ የሌለው ዋስትና መፈረም የሌላውን ሰው ነገ በራስዎ ላይ መጫን ነው።

ሰዎችን ለሚመሩ

ይህ ሁሉ ምክር በሠራተኛው ትከሻ ላይ ብቻ ከወደቀ ግማሽ ይሆናል። የክፍል ኃላፊ፣ የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ወይም የፈረቃ ተቆጣጣሪ ከሆኑ በለውጥ ጊዜ ከሠራተኛው ፊት ሦስት ነገር ይናገሩ፦ የምናውቀው ይህ ነው፣ የማናውቀው ይህ ነው፣ የሚቀጥለውን የምንነግራችሁ በዚህ ቀን ነው። የሚነግሩት አዲስ ነገር ባይኖር እንኳ በቀጠሩት ቀን ቀርበው “እስካሁን አልታወቀም” ይበሉ። ኃላፊ ዝም ባለበት ቦታ ወሬ ይነግሣል፤ ጥሩ ሠራተኞችም በወሬ ይለቃሉ።

ስህተቱን በራሱ ጊዜ የነገረዎትን ሠራተኛ ከደበቀው ጋር እኩል አይቅጡ። በዚያ ቀን የሚያደርጉትን ክፍሉ በሙሉ ያያል፤ ከዚያ በኋላ ስህተት ይነገርዎ ወይም ይደበቅብዎ የሚወሰነውም በዚያ ቀን ነው።

በየወሩ የሚጠየቁ አራት ጥያቄዎች

ደሞዝ በገባበት ሳምንት ግማሽ ሰዓት ወስደው እነዚህን አራት ጥያቄዎች በጽሑፍ ይመልሱ። በዚህ ወር ካማረርኩበት ነገር ውስጥ የእኔ ድርሻ የቱ ነበር፣ ምንስ አደረግኩበት? ባለፈው ወር የማላውቀው፣ አሁን የማውቀው ምን አለ? ነገ ይህ ሥራ ቢቋረጥ በሌላ ቦታ የሚፈለግ ምን ዓይነት ችሎታ በእጄ አለ? በሚቀጥለው ወር የምሞክረው ትንሽ ነገር ምንድን ነው፣ የምወስነውስ መቼ ነው?

መልሶቹ መጀመሪያ ላይ ቀጭን ይሆናሉ። ይህ አያሳስብዎ። ከጥቂት ወራት በኋላ ወደኋላ ተመልሰው ሲያነቡት የተደጋገመ ቅሬታና ያልተነካ ድርሻ ጎን ለጎን ተጽፈው ያገኛሉ። ለውጥ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

የሚቀጥለው ለውጥ በየትኛው ወር እንደሚመጣ የሚነግረን የለም፤ መምጣቱ ግን አይቀርም። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ አንብበው ሲጨርሱ ትልቅ ውሳኔ አይወስኑ። በዚህ ሳምንት ግን አንድ ነገር ይፈጽሙ፦ የሥራ ልምድ ማስረጃዎን ይጠይቁ፣ የሥራ ውልዎን አውጥተው ያንብቡ፣ በማኅደርዎ ውስጥ የጎደለውን ሰነድ ያሟሉ፣ ወይም ለአንድ ዓመት ሲያስቡት ለቆዩት ትምህርት ይመዝገቡ። ሌላው ሰው ድርሻውን እስኪወጣ አይጠብቁ። የእርስዎን ይዘው ይጀምሩ።